ዘንጋዳዋን የጣልኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ አክስቴ ዘሀራ ከወንድሟ ጋር በስልክ ስትጣላ ከሶፋው ጀርባ ተቀምጬ ሰማሁ። ጥሉ የጀመረው እኔ ከሱቅ ሳልመለስ ነው፤ ደረጃውን ስወጣ ድምፃቸው ተቀበለኝ። ስልኩ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል፤ አክስቴ በላዩ አጎንብሳ ቆማለች፤ እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ፎጣ ይዛ የምትገባበት ጠፍቷታል።

«አራት ዓይነት ነው የላክሁልህ፣ ሙሄ! አራት! አፉን በእጄ ሰፍቼ!»

«ወላሂ እታለም፣ ነጭ ብቻ ነው። ከረጢቱን የፈታሁት ሚስቴ ፊት ነው። አንዲት ቀይ ፍሬ የለችበትም።»

«በአላህ ስም አትቀልድ!»

«ማን ቀለደ? ማሳዬ ባዶ ሆኖ ልቀልድ?»

«ቀዩን ለፍየል ሰጥተኸዋል። አፍረህ ነው። ጎረቤት ዘንጋዳ በላ እንዳይልህ። ድሮም ነጭ ካልሆነ አይወርድልህም ነበር፣ እናታችንን ስታስለቅሳት የኖርክ!»

«አንቺ ኤሲ ሥር ተቀምጠሽ እርሻ ታስተምሪኛለሽ?»

አክስቴ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ከሱብሒ ጀምራ በሰው ወጥ ቤት ስትቆም ውላ፣ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው ስልኩን ያነሳችው።

በስልኩ የሚያወራው አጎቴ ሙሄ ወሎ ቆላ ውስጥ፣ አባቴና አክስቴ ባደጉበት ቀበሌ፣ የአያቴን መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። በዚያ ዓመት አክስቴ ከሳዑዲ፣ ከዳማም የላከችለትን የማሽላ ዘር ዘርቶ ነበር። ማሽላው ወተት ሲይዝ የግሪሳ ወፍ እንደ ደመና ወርዶ በአራት ቀን አራገፈበት። ልጆቹ ከንጋት እስከ ምሽት ጣሳ እየደበደቡ፣ ወንጭፍ እየወነጨፉ ቢጮሁም የሚሆን አልሆነም። ይህን ቀደም ብሎ ነግሯታል። አሁን የሚጣሉት ስለ ወፉ ሳይሆን ስለ ከረጢቱ ነው። እሷ አራት ዓይነት ዘር ቀላቅዬ ላክሁ ትላለች፤ እሱ አንድ ብቻ ደረሰኝ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ቀዩ የት እንደሄደ የማውቀው ከሶፋው ጀርባ ጉልበቴን አቅፌ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያኔም እንደ አሁኑ የምንኖረው ዳማም፣ አል አዳማ ውስጥ፣ ምድር ቤቱ ሞባይል ጥገና የሆነ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር። አባቴ ኮበር አንድ ጋራዥ ይሠራል፤ እኛ ሳንነሳ ይወጣል፣ ሲመለስ ለማውራት አቅም አይኖረውም። አክስቴ ዘሀራ ደግሞ አል ሙሐመዲያ ውስጥ በአንድ ቤት የማዳሟን አራት ልጆች አሳድጋለች። ከብዙ ዓመት በኋላ ማዳሟ ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ወጥታ ጁምዓ ማታ እንድትመለስ ፈቀደችላት፤ ሐሙስ የእኛ ሆነ።

ሐሙስ ስትመጣ መጀመሪያ እግሯን በቀዝቃዛ ውኃ ትነክራለች። ከዚያ ሻይዋን ፉት ብላ፣ «ሐዩ፣ ተነሽ እስቲ፣ እህትማማቾቹ እንዴት ዋሉ?» ትለኝና ወደ ፎቁ ጣራ እንወጣለን። ጣራው ላይ የውኃ ታንከሮች፣ የዛጉ ዲሾች፣ የሰው ልብስና የማንም ያልሆኑ እርግቦች ነበሩ። በግድግዳው ሥር አክስቴ ከማዳሟ ቤት እያመጣች የደረደረቻቸው አሥራ አራት ትልልቅ የቺዝ ጣሳዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ማሽላ ይበቅላል። ከኤሲዎቹ የሚንጠባጠበውን ውኃ በቀጭን ቱቦ ወደ ጣሳዎቹ መልሳዋለች። የቧንቧው ውኃ ጨው አለበት፤ የኤሲው ግን የለበትም። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ሁለት ዓመት ማሽላዋ ጫፉ እየነደደ ሲደርቅባት ነው የደረሰችበት።

ዘሩ ከአገር የመጣው በሻርፕ ጫፍ ተቋጥሮ ነው። ስትሰደድ እናቷ ሁለት እፍኝ ያህል የተቀላቀለ ማሽላ፣ «እዚያ ስትደርሺ ቆልተሽ ብዪው» ብላ ቋጠረችላት። ማዳሟ ቤት በገባች በመጀመሪያው ዓመት ግን እህል የምትቆላበት ጊዜም ድፍረትም አልነበራትም። ቋጠሮውን ሻንጣዋ ሥር ረሳችው፤ ስታገኘው እናቷ ሞታ ነበር። ቆልቶ መብላቱን ሆዷ እምቢ አለ፤ ዘራችው።

ተረቱን የምትነግረኝ ማሽላው ከደረሰ በኋላ ነበር። የመረጠቻቸውን ዘለላዎች ከጣራው በር በላይ ባለው ብረት ላይ ታንጠለጥልና ከሥራቸው በትንሽ ማንደጃ ከሰል ታያይዛለች፤ ጭሱ ነቀዝ ያርቃል ብላ። ፍሙ እየቀላ፣ ጭሱ እየተሳበ ወደ ዘለላዎቹ ሲወጣ፣ የደረጃው ቢጫ አምፖል ፊቷን በግማሽ እያበራው፣ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ልብሳችንን ገላችን ላይ እያጣበቀው፣ እሷ ጉልበቷን እያሸች በደከመው ድምፅዋ ትጀምራለች። ያኔ ከተረቱ ይልቅ ድምፅዋን እወደው ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ለእኔ ብቻ የሚወጣ ድምፅ ስለነበረ።

አራት እህትማማቾች ነበሩ፣ ትላለች። አንደኛዋ ነጭ፣ ጣፋጭ፣ ስሟ ወተት በጉንጬ። ሁለተኛዋ ቀይ፣ መራራ፣ ስሟ ዘንጋዳ። ሦስተኛዋ ቢጫ፣ አጭርና ችኩል፤ ከሁሉ ቀድማ ከሥራ የምትገባ። አራተኛዋ ጥቁር ቀሚስ ለባሽ፣ ረጅምና ዝምተኛ፤ ውኃ ሲጠማት ጠማኝ ሳትል ተጠቅልላ የምትተኛ። አባትየው ነጯን ብቻ ይወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እሷን ከፊት ያስቀምጣል፤ ቀይዋን «አንቺ ወዲያ በይ» ይላታል። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ በቀኑ መጥቶ በቀኑ ሄደ፤ ነጯ ቤቱን አጠገበችው። አባትየውም፣ «እነዚህን ሦስቱን ምን ላድርጋቸው?» አለ። በሁለተኛው ዓመት ወፍ መጣ። ነጯን ከበቧት፣ ጉንጯን ጠብተው ጠብተው ባዶ አስቀሯት። ቀይዋ ላይም አረፉ፤ ቀመሱ፣ ምንቃራቸውን ጠረጉ፣ ሄዱ። ያን ዓመት ቤቱ ፊቱን እያጨማደደም ቢሆን ከቀይዋ በላ። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ፤ ችኩሏ ግን ቀድማ ቤት ገብታ ነበር። በአራተኛው ዝናቡ መሐል ላይ ጠፋ፤ ሌሎቹ ሲጠወልጉ ጥቁሯ ቅጠሏን ጠቅልላ ተኛች፣ ሲመለስ ነቃች።

«አምስተኛው ዓመትስ?» እላታለሁ።

«አምስተኛው ገና አልመጣም። ማን እንደምትደርስ ማን ያውቃል? ድሮ ዝናቡ ቀኑን ያውቅ ነበር። አሁን እንደዚህ አገር አሠሪ፣ እንደ ካፊል ሆኗል፤ ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ስልኩን ይዘጋል።»

በራሷ ቀልድ ራሷ ትስቅና ታስላለች። እኔ ግን ያኔ እህትማማቾቹን ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው። ነጯን ሽቶ የተቀባች፣ ቀይዋን ከትምህርት ቤታችን የምትቆጣው ልጅ፣ ጥቁሯን ዐባያ የለበሰች አድርጌ። «እህትማማቾቹ እንዴት ዋሉ?» ስትለኝም ተረቱን ማለቷ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ፊታችን የተንጠለጠለው ማሽላ እነሱ እንደሆኑ አንድም ቀን አላሰብኩም። አክስቴም፣ ይህን ያህል ግልጽ ነገር መንገር ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም። እሷ ባደገችበት ቤት የአምስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ነገር ነበር።

ዘሩ ከደረቀ በኋላ አንድ የማትዘለው ሥራ ነበራት። ትሪ ላይ ታፈሰዋለች፣ በመዳፏ ጠርዝ እኩል ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹን ይዛ ትሄዳለች፣ ግማሹን ለእናቴ ትሰጣለች። አባቷም እንዲህ ያደርግ ነበር አሉ። ከየዓመቱ ዘር ግማሹን ከወንዝ ማዶ ላለ ወዳጁ ይሰጥና እሱም የወዳጁን ግማሽ ያስቀምጥ ነበር፤ አንዱ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢቸግረውና ዘሩን ቢበላ፣ ሌላው ቤት እንዲተርፍ። ግማሹን የሚሰጡት ደግሞ ለማንም አልነበረም። አክስቴ ዳማም ውስጥ ብዙ የአገር ልጅ ታውቃለች፤ የሰጠችው ግን ለእናቴ ብቻ ነው።

አጎቴ ሙሄ የቸገረው አገር ቤት ሁለት ዓመት ተከታትሎ ዝናብ ሲጠፋ ነው። የዘር ማሽላውን በሉት። ከወንዝ ማዶ ያለውም ቤት በላው። በሦስተኛው ዓመት ገበያ ላይ የተገኘው ነጭ ማሽላ ብቻ ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ደስ ያላት ይመስል ነበር፤ እንዲህ መባሉ ቢያስቀይምም። ለሰው ኩሽና ስትታጠፍ የኖረችው ሴትዮ ለአባቷ ቤት የምትሰጠው ነገር ተገኘ። በዚያ ዓመት የመጣውንም ከበፊቱ የተረፈውንም፣ የእሷንም ግማሽ የእናቴንም ግማሽ አንድ ላይ ደባለቀችው፤ ለመሬቱ እንዲበቃ። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከአባቴ የቆየ የሶብ ቀሚስ እጅጌ ከረጢት ሰፋች፤ ዘሩን በትሪ እኛ ቤት አስቀምጣ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ፣ ወጥቶላት ጠቅልላ የምትገባ አንዲት የአገር ልጅ ማክሰኞ ስለምትሄድ፣ «ሰኞ ማታ መጥቼ አፉን እሰፋለሁ» ብላ ሄደች።

እኔ ዓይናፋር ልጅ ነበርኩ። አሁንም ነኝ። ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣም፤ እንግዳ ሲመጣ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ። አንድ የምችለው ነገር ግን ነበር፤ ለቀማ። እናቴ ሩዝና ምስር ትሪ ላይ አፍስሳ ስትሰጠኝ ከእሷ ቀድሜ ጠጠሩን፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን እለቅመዋለሁ። «ሐያትን ለለቀማ!» ይላሉ ጎረቤቶቻችን፤ እኔም በልቤ ከፍ እላለሁ። በዚያ እሑድ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች፤ የአክስቴ ትሪ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽፋኑን ገለጥኩት። ነጩ ያበራል፤ በመሐሉ ግን ቀይ፣ ጥቁር ቅርፊት፣ ቢጫ ትናንሽ ነገር ተበትኗል። የአክስቴ ዓይን ደክሟል፣ አልታያት ብሎ ነው፣ አልኩ። ለአገር ቤት ሰው እንዲህ ቆሻሻ ይላካል?

የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ነጩን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። አንገቴ እስኪያመኝ። ሰኞ ዐስር ላይ ጨርሼ ነጩን ብቻ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩት፤ እንዲህ የጠራ እህል ዓይቼ አላውቅም። የቀረውን በሰሃን ይዤ ጣራ ወጣሁና ከታንከሮቹ ኋላ ለእርግቦቹ በተንኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ከረጢቱን ከፍታ ስታይ የምትለውን ሳስብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

አልከፈተችውም። የማዳሟ ሹፌር ታች ሆኖ ጥሩንባውን እየነፋ ነበር፤ የደረጃችን መብራት ተበላሽቷል። በሩ ላይ እንደቆመች፣ እናቴ በስልኳ እያበራችላት፣ የከረጢቱን አፍ በወፍራም ክር ስድስት ጊዜ አመላልሳ ሰፋችው። አንስታ መዘነችውና፣ «ቀለለኝ እኮ» አለች። «ወይስ እጄ ነው የደከመው?»

እናቴ፣ «ድካምሽ ነው» አለች።

እኔ ዝም አልኩ። ያኔ ዝምታዬ ከፍርሃት አልነበረም፤ ነገሩ ሲታወቅ ይበልጥ እንዲያምር ነበር።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ነጩ ብቻ አገር ገባ፤ ነጩ ብቻ ተዘራ፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ወተት ያዘ፤ ወፉም ሁሉንም በአንድ ሳምንት አገኘው። ከሶፋው ጀርባ ሆኜ «ቀዩን ለፍየል ሰጥተኸዋል» ስትል ስሰማት ነው እህትማማቾቹ እነማን እንደነበሩ የገባኝ። ቀይዋን «ወዲያ በይ» ያልኳት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር፤ ግን አክስቴ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም! ኸላስ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው፤ ፊቷን ሳይ ጉልበቴን ይበልጥ አቅፌ ቀረሁ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ከዛሬው ከበደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ አክስቴ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። አፈሩን በጆንያ ሞልታ ለዘበኛው ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ ጣራ አልወጣችም፤ ተረትም አልነገረችኝም። «ደክሞኛል ሐዩ» ትለኛለች። እውነቷን ነበር፤ ሁልጊዜም ይደክማት ነበር። ድሮ ግን ደክሟትም ትነግረኝ ነበር። የአጎቴ የሙሄ ትልቁ ልጅ ጀማል በዚያው ዓመት በየመን በኩል መጣ። አሁን ኮበር መኪና ያጥባል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ የለውም፤ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። አንዳንድ ጁምዓ እኛ ቤት ምሳ ይበላል። ሳህኑን ሳቀርብለት ዓይኑን አላይም። እሱ ዓይናፋርነቴ ነው ብሎ ያስባል፤ «ይቺ ልጅ መቼ ነው የምታናግረኝ?» እያለ ይቀልድብኛል።

ጣሳዎቹ በተገለበጡ ማግስት ብቻዬን ጣራ ወጣሁ። ከታንከሮቹ ኋላ ተንበርክኬ በላባውና በአቧራው ውስጥ ፈለግኩ። ቢጫው የለም። ጥቁር ቅርፊቱም የለም። እርግቦቹ እነዚያን ጨርሰዋቸዋል። ቀዩ ግን ነበረ። ከታንከሩ እግር ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ፣ እንደበተንኩት ተቀምጦ፣ ሃያ ሦስት ፍሬ። ቀምሰው ትተውታል። ልክ ተረቱ ላይ እንዳለው። ያኔ አለቀስኩ፤ የተረት ነገር እውነት ሲሆን ደስ የሚል መስሎኝ ነበር።

አንድ ጣሳ ፈልጌ ዘራኋቸው። ሰባቱ ብቻ በቀሉ። የኤሲውን ቱቦ ወደዚያ አዞርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ከታንከሮቹ ኋላ አንድ ጣሳ ዘንጋዳ ነበረችኝ። እናቴ የጎረቤት ተክል ይመስላት ነበር። ከሰል ማያያዝ ስለማልደፍር ዘሩን ከትንሽ አመድ ጋር በመድኃኒት ብልቃጥ አኖረው ነበር። አድናለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ካደግኩ በኋላ ግን እሱም የሚያደክም ሐሳብ ሆነ። አንዷን እህት ብቻ ይዤ ምን አደርጋለሁ? ችኩሏ የለችም። ጥቁሯ የለችም። ወፍ ባይመጣና ዝናብ ቢቀር፣ ዘንጋዳ ብቻዋን እንደ ነጯ ብቻዋን ናት። አያቴ፣ የአያቴም አባት፣ ስንት ዓመት ከስንት ዓይነት ክፉ ቀን እየመረጡ ያቆዩትን እኔ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሜ ጨረስኩት፤ ያውም እንድመሰገን።

ባለፈው ወር አክስቴ ኹሩጅ ወጣላት። ጉልበቷ ደረጃ አልወጣ ሲላት ማዳሟ ሌላ ሴት አመጣች። የመጨረሻውን ሳምንት እኛ ጋ ሆነች። የምትሄድበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከጋራዥ ፈቃድ ወስዶ መጥቶ፣ ሻንጣዋን በገመድ እያሰረ፣ ያንኑ የቆየ ነገር አነሳባት።

«ሙሄን ደውዪለት። መኪና ይዞ ይቀበልሽ።»

«አልደውልም። ከተማ ክፍል እከራያለሁ።»

«የአባትሽ ቤት እያለ?»

«የአባቴን ዘር ለፍየል ያበላ ሰው ቤት አልገባም።»

«እንግዲህ እሱም አርጅቷል፣ አንቺም አርጅተሻል። ለማሽላ ብለሽ!»

«ለማሽላ አይደለም» አለች አክስቴ። «ዋሽቶኛል። ዓይኔን እያየ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ በስልክ፣ በወላሂ ዋሸኝ። እህቱ ስደት ላይ ሆና።»

አባቴ ገመዱን ለቀቀው። እሱም ደክሞታል። ሁላችንም ደክሞን ነበር፤ ስድስት ዓመት የተሸከሙት ነገር ነው። ደረጃ አትወጣ፣ ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ዕድሜዋን እዚህ ጨርሳ፣ አሁን ደግሞ በእኔ የተነሳ በኪራይ ክፍል ብቻዋን ልትቀመጥ ነው። ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። እንደ ልማዴ ልደበቅ ነበር የገባሁት። ብልቃጡን ይዤ ወጣሁ።

«ቀዩን እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፤ ደገምኩት። «አጎቴ አልዋሸም። ቆሻሻ መስሎኝ ለቅሜ ለእርግብ ሰጠሁት። ሦስቱንም። ይቺ ብቻ ተርፋለች።»

አባቴ፣ «ምን አልሽ?» ብሎ ብድግ አለ። አክስቴ እጇን አንስታ አስቆመችው። እናቴ ፊቷን በሻርፕዋ ጫፍ ሸፈነች።

አክስቴ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አነሳችው። ከዚያ በጣቷ ወደ ወጥ ቤቱ አሳየችኝ፤ ትሪ ማለቷ ነበር፤ አመጣሁ። ዘሩን ትሪው ላይ አፈሰሰችው፣ አመዱን በትንፋሿ አራቀችው፣ ተንበርክካ አየችው። ጉልበቷ እያመማት፣ ፍሬ በፍሬ፣ ያን ሰኞ ማታ ያላየችውን ሁሉ የምታይ ይመስል ብዙ ቆየች። አንዷን አንስታ በጥርሷ ሰበረቻት። ምሬቱ ፊቷን አጨማደደው።

እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር። ለቅሶም ጠብቄ ነበር። ከእነዚያ ሐሙሶች የቀረኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ እሷ የምትናገረው ስትፈልግ ነው፣ የሚሰማት ሰው ደግሞ መጠበቅ አለበት። ተረቱን ዛሬም ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ፤ ጭሱም፣ ቢጫው አምፖልም፣ የደከመው ድምፅዋም በየቦታቸው አሉ። የአምስተኛውን ዓመት ግን አሁንም አላውቀውም።

ታች የሚጠብቀው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። አክስቴ ከእናቴ መርፌና ክር ተቀበለች። በመዳፏ ጠርዝ ትሪው ላይ ያለውን ዘር እኩል ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን በሻርፕዋ ጫፍ ቋጥራ ስድስት ጊዜ አመላልሳ ሰፋችው፤ ግማሹን ትታ ትሪውን ወደ እኔ ገፋችው። ስልኳን ከምንጣፉ ላይ አንስታ ነካካችና እንዲደውል ለአባቴ ሰጠችው፤ ስክሪኑ ላይ የሙሄ ስም ነበር። ከዚያ የግድግዳውን ብረት ይዛ፣ አንድ እግሯን እያስቀደመች ደረጃውን ወረደች።